የሙቀት ሚኒስትሯ

የአማቷን አስከሬን የሰደበች ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሰድቤያለሁ። ቀባሪው ቆሞ፣ ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደያዙ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የሰደብኳቸው። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ኮረሪማዬን እየመረጡ በጎን የሚጠቃቀሱብኝ ሴቶች አሉ። ይጠቃቀሱ! ግማሽ ወሬ ይዞ የሚዞር መቼም አይጠፋም፤ እኔ ሌላውን ግማሽ ልንገራችሁ።

ዓባይነሽ እባላለሁ። ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር እሸጣለሁ። ከምትሸጠው የትኛው ነው በጣም የሚያቃጥለው ቢባሉ ደንበኞቼ «አፏ» ነው የሚሉት። አማቴ እትዬ ወርቅአፈራሁ ደግሞ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለችው የማንኪራ ሴት ነበሩ፤ ሰው «የሙቀት ሚኒስትር» ይላቸው ነበር።

ስሙ የወጣላቸው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ያኔ ኢሕአዴግ ነው፣ ከዝናቡ ስብሰባው ይበዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አፀደ ስለ ወሊድ ልታስተምር ትነሳለች፤ ገና «እናቶች» ከማለቷ እትዬ ከኋላ ይቀበሏታል። «ልጁ ይደረቅ! ኮፍያ ይደረግለት! እናቱ ደረት ላይ ይለጠፍ! በተወለደበት ቀን እንዳይታጠብ!» አንዱ ቀልደኛ «ሚኒስትሯ ጨርሰውልናል፣ እንበተን!» ቢል ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። እሳቸው አልሳቁም። በብርድ ነገር እሳቸው ዘንድ ቀልድ የለም። ለምን እንደሌለ ያወቅሁት ልጃቸውን ዋለን ካገባሁ በኋላ ነው፤ እሱም በስንት ጉትጎታ ነገረኝ።

እትዬ ድሮ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ማንኪራ ጫካ ቡና ስትለቅም ምጥ የያዛት ሁሉ የምታስጠራው እሳቸውን ነው። ሕፃኑ ዝም ብሎ ከወጣ ከእናታቸው የተማሩትን ያደርጋሉ፤ ከምንጭ የተቀዳ ውኃ፣ ያን ጥርስ የሚያንገጫግጨውን፣ ደረቱ ላይ ቸብ! ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ደንግጦ ይጮሃል፣ ቤቱም እልል ይላል። የራሳቸው የበኩር ልጅ፣ የዋለ ታላቅ፣ በደርግ ጊዜ ስትወለድ ግን አልጮኸችም። አዋላጇ የገዛ እናታቸው ነበሩ። ውኃውን ረጩ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ልጅቷ ትንፋሽ ዘራች፤ ግን ጡት ሳትይዝ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላት አለፈች። እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ወሰደ ተብሎ ተቀበረች። ሌላ ምን ይባላል?

ዘመን ተለወጠና አፀደ ከቢታ ገነት ተመድባ ማንኪራ መጣች። ገና ልጅ እግር ናት። የላስቲክ አሻንጉሊት ይዛ አዋላጆቹን ሰበሰበችና፣ ከእንግዲህ ቤት መውለድ ቀርቷል፣ ነፍሰ ጡሮቹን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ነው አለቻቸው። አዋላጆቹ አኮረፉ። እትዬም ሊያኮርፉ ነበር የሄዱት፤ ግን በመሐል «አራስ ልጅን የሚጥለው ብርድ ነው» ስትል እጃቸውን አወጡ።

«ዝም ያለውን ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ቢረጩበትስ?»

«ውይ እትዬ! ብርድ እኮ ይገድለዋል!»

አፀደ ምን ታድርግ፣ የተማረችውን ነው የተናገረችው። እትዬ ከተቀመጡበት ተነስተው ከጤና ኬላው ጀርባ እንሰቱ ሥር ቁጭ አሉ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ተከትላ ብትወጣ፣ «እንግዲያ ልጄን የገደልናት እኛ ነና!» አሏት። አፀደ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሌላ ሰው ሆኑ። ነፍሰ ጡር ባዩ ቁጥር ክንዷን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ፤ አራስ ባዩ ቁጥር እጃቸው ወደ ሕፃኑ እግር፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ ለመዳሰስ። ቦንጋ እየመጡ የሱፍ ክር ይገዙና ኮፍያ ይሠራሉ፤ ማንኪራ የተወለደ ልጅ ሁሉ የእሳቸውን ኮፍያ ሳያደርግ አላለፈም። እኔንም ያገኙኝ ክር ሊገዙ ሲመጡ ነው። ክር ሻጯ ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ «እትዬ፣ ለቀፎዎቹም ኮፍያ ይሥሩላቸው እንጂ፣ የማንኪራ ንቦች እኮ በረዳቸው!» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አፍሽ ረጅም ነው» አሉ። «የእኔ ልጅ ደግሞ አፍ የለውም። ትስማማላችሁ።»

እውነትም ተስማማን። ዋለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ይሠራል፤ አንድ ቃል ለማውጣት ከወረዳ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው ነው። እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ። እትዬና እኔ ስንገናኝ ደግሞ እሳቸው ይቆጡኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው «ምላስሽን ቆርጬ ለድመት!» ይላሉ፣ እኔ «ድመቷ ትሞታለች» እላለሁ። እንዲህ ነበር ፍቅራችን። ሳልመልስላቸው የቀረሁ ዕለት «አሞሻል እንዴ?» ብለው ግንባሬን ይዳስሱ ነበር።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት አረገዝኩ። እትዬ ወሬው እንደ ደረሳቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ቦንጋ ገቡ። ገና ያልተወለደችው ልጅ ከእኔ የበለጠ ልብስ ነበራት። ምጤም ሲመጣ በጊዜ ነው ሐኪም ቤት የደረስኩት። መንገድ አልዘገየም፣ ሐኪም አልጠፋም፣ ስሙን የማጠፋው ሰው የለኝም። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። የልጅቷ ልብ ሲደክም ቶሎ ብለው በኦፕራሲዮን አወጧት። ስነቃ «አለቀሰች?» ነው ያልኩት።

ዶክተሩ ሀብተሥላሴ ይባላል። ከወሎ የተመደበ ለጋ ልጅ ነው፤ አንቱ ስለው እየተሽኮረመመ ስላስቸገረኝ አንተ ነው የምለው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለእኔና ለዋለ ቀስ ብሎ አስረዳን።

«ልጃችሁ አየር አጥሯት ነው የተወለደችው። አሁን ትተነፍሳለች። አእምሮዋ ግን ተጎድቷል፤ ጉዳቱም ገና አልቆመም፣ እንደ ተዳፈነ ፍም ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በትልልቅ ሆስፒታሎች ሰውነትን ቀዝቀዝ አድርጎ የሚይዝ ማሽን አለ፤ ያንን ፍም ያበርደዋል። እዚህ የለም። ወደ ጅማ እንዳልልካት ደግሞ መንገዱን አትችለውም።»

«ታዲያ ዝም ብለን ልናያት ነው?» አልኩ።

«አይደለም። ማሞቂያውን እናጠፋለን፣ ልብሷን እናወልቃለን፣ ሰውነቷ በመጠኑ ይቀዘቅዛል። ሦስት ቀን ሙሉ በቴርሞሜትር እየተከታተልን እንደዚያ እንይዛታለን። በጣም ከቀዘቀዘች ይገድላታል፤ በመሐል ከሞቀች ደግሞ የጀመርነው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከእኛ በቀር ማንም እንዳይነካት።»

ጉድ በል ቦንጋ! ብርድ መድኃኒት ሆነ? ግን የልጁ ዓይን እውነተኛ ነበር። እሺ አልን። እትዬ በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ የእኔን ልብስ እያጠቡ ነበር፤ አልሰሙም።

ለእናቱ መንገር የዋለ ፋንታ ነበር። ወጥቶ «ዶክተሩ አትንኳት ብሏል» አላቸው። አለቀ! እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ ነገሩን ሁሉ የነገራቸው መስሎኛል። በኋላ አፋጥጬ ስጠይቀው፣ «ብርድ የሚለውን ቃል እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለኝ። የሞተች እህቱን ታሪክ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለእናቱ ማዘኑ ነበር። እንዲህ ነው የእኛ ሰው፤ የሚወደውን ሰው ላለማሳዘን ዝም ይላል፣ ዝምታውም ዞሮ ያንኑ ሰው ይበላዋል።

እትዬ የልጅ ልጃቸውን አዩዋት። ያ ሁሉ ኮፍያ የተሠራላት ልጅ ዳይፐር ብቻ ታጥቃ፣ እርቃኗን፣ በጠፋ ማሞቂያ ሥር ተኝታለች። እግሯን ዳሰሱ፤ በረዶ ነው። አሁን እናንተ እሳቸውን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ እባቡ ነድፏቸዋል። ሰው አልጠሩም፣ አልተጨቃጨቁም። እነዚህ ልጆች ሥራ በዝቶባቸው ማሞቂያውን ረስተውታል፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ነው፣ ለማሳፈር ምን አስቸኮለኝ፣ እኔ እያለሁላት አሉ።

ልጄ የተኛችበትን ክፍል የምትጠብቀው ሲስተር በዚያና በምጥ ክፍል መሐል ትመላለሳለች። ስትወጣ፣ «እትዬ፣ አይንኳት፣ ትንፋሿን ብቻ ይዩልኝ፣ የሆነ ነገር ካለ ይጥሩኝ» ብላ አጠገቧ ታስቀምጣቸዋለች። አዋላጅ እንደነበሩ ታውቃለችና ታምናቸዋለች። እሷ ዞር ስትል እትዬ ቀሚሳቸውን ከፍተው ልጅቷን ደረታቸው ላይ ይለጥፏታል፣ ኮፍያውን ያደርጉላታል፣ ነጠላቸውን ይደርቡባታል። የጫማ ድምፅ ሲሰሙ መልሰው ያስተኟታል፣ ኮፍያውን ጡታቸው ሥር ይሸጉጣሉ። የሰረቁ አልመሰላቸውም፤ አፀደ ያስተማረቻቸውን ነው አንድም ሳይቀር ያደረጉት።

ዶክተሩ ሊያብድ ደረሰ። «ሙቀቷ ይወርድልኛል፣ ደግሞ ይወጣብኛል» እያለ ይመጣል። የጣሪያው ቆርቆሮ ነው አለ። ፀሐይ ነው ብሎ አልጋዋን ከመስኮቱ አራቀ። ቴርሞሜትሩን ጠርጥሮ ሌላ አስመጣ። «ይቺ ልጅ ውስጧ እሳት አለ» አለኝ፤ እኔ ሞኟ ደግሞ በልጄ ጥንካሬ ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ቁስሌን ይዤ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፌ ልጄን ላያት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ጀርባቸውን ግማሽ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው ተከፍቷል፣ ልጄ እዚያ ላይ ተለጥፋለች፣ ኮፍያዋ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋቸው፣ እያንጎራጎሩ አናቷ ላይ ትንፋሻቸውን እፍ ይሉላታል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ እስክሞት አልረሳውም።

«አንቺ አሮጊት!» ብዬ ላንባርቅ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ።

«መጣሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «አይዞሽ ልጄ። አንዲት ቀን አልጣልኳትም። የሷን አክስት ብርድ ወሰደብኝ፤ ይቺን ግን አልሰጠውም።»

አፌ ተዘጋ። እኔ ዓባይነሽ፣ ገበያ ሙሉ የሚፈራው አፌ፣ ክድን አለ። ወደ ኋላ ተመለስኩና ግቢ ውስጥ ዶክተሩን ቧንቧ ላይ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። እያለቀስኩ ነገርኩት። ቧንቧውን ሳይዘጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ለእሳቸው ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንግዲያ ተይው። ሦስቱንም ቀን ቀዝቅዛ ብትቆይ ትድን ነበር ብዬ አልምልልሽም። አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም፤ እኔም አላውቀውም። ሳያውቁ ያደረጉትን ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው ምን ያደርጋሉ? ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ራሴ ላስረዳቸው ይገባ ነበር።» ዓይኑ ውኃ ሞልቶ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተነሳሁ።

ልጅቷ አልሞተችም። ስሟን ዝማሬ ያሏት እትዬ ናቸው። ድምፅ ሳትሰጥ ለመጣች ልጅ ዝማሬ! «ቆይ ትዘምራለች» አሉ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። አንገቷ አልቆመም። እጆቿ እንደ ተጨበጡ፣ እግሮቿ እንደ ተቆላለፉ ቀሩ። እያንዘፈዘፈ የሚጥላት ነገር ነበር፤ ለእሱ ሽሮፕ ትወስዳለች። ጉሮሮዋ እንዳይዘጋ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግን ነው የምናጎርሳት። የምትስቀው እትዬ አፍንጫቸውን ጉንጯ ላይ አድርገው በካፊኖኖ ሲያወሯት ብቻ ነበር። ማንኪራን እርግፍ አድርገው ትተው፣ ቀን ከሌት ጀርባቸው ላይ አዝለዋት ኖሩ።

ጎረቤቴ ዘነበች «የእናትየው ምላስ ነው ልጅቷን ያሰራት» ብላ ማማቷን ስሰማ ጸጉሯን ልነቅል ተነሳሁ። እትዬ ቀድመውኝ ደጃፏ ላይ ቆመው ነበር። «የእኔ ምራት ምላስ ቢያስር ኖሮ መጀመሪያ አንቺን ያስርልን ነበር!» አሏት። መንደሩ ሳቀ፤ ዘነበችም መጥታ ይቅርታ ጠየቀች። ጠበል እንውሰዳት ስንል ደግሞ እሳቸው ቄሱን ለብቻ ጠርተው፣ «አባ፣ ጠበሉን ትንሽ ለብ ብናደርገው ኃይሉ ይቀንሳል?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ፈቀዱላቸው። እኔም ስቄያለሁ። ስስቅ ግን ውስጤ ይቆስላል።

ለምን እዋሻለሁ፣ እጠላቸው የነበረበት ቀን አለ። ዝማሬን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮዋ ስበው «ሙቀት ነፍስ ነው» ሲሉኝ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዴ ከነገርኳቸው መልሼ አላነሳውም። ስለዚህ ለእሳቸው የነበረኝን መልስ ሁሉ፣ ቀልዱንም፣ ጭቅጭቁንም፣ ቀስ በቀስ ተውኩት። አፌን ከከፈትኩ የማያበቃ መስሎኝ ፈራሁ። ሲቆጡኝ «እሺ እትዬ» እላለሁ። ምላስሽን ቆርጬ ለድመት ሲሉኝም «እሺ እትዬ»። ጨዋ ምራት ሆንኩላችሁ!

ዝማሬ ጥርስ ስታበቅል አፀደ ልትጠይቀን መጣች። ትምህርቷን አሻሽላ አዋላጅ ነርስ ሆና ነበር። እኔ ገበያ ነኝ፤ ስመለስ ሄዳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ተለወጡብኝ። ክራቸውን ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ሰጡ፣ «ዓይኔ ደክሟል» ብለው ኮፍያ መሥራት ተዉ። ምጥ የያዛት ስትኖር «ሌላ ሰው ጥሩ» ይላሉ። ሙቀት የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ፣ ዝማሬን እንደ ራሳቸው ልጅ ከእቅፌ ይነጥቁኝ የነበሩት ሴት ከበር ላይ ቆመው «ልያዛት?» ይሉ ጀመር። በየቀኑ፣ ባዩኝ ቁጥር፣ «ልያዛት?» እርጅና ነው አልኩ። «ምን ያስጠይቅዎታል፣ ይያዟት እንጂ» እላለሁ፤ እሳቸው ዓይኔን ፈልገው ያዩኛል፣ ከዚያ ይወስዷታል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ክረምት ዝማሬን ሳል ያዛት። ደረቷ ድሮም ደካማ ነው። ሐኪም ቤት ተኛች፣ ትንሽ ተሻላት፣ ወደ ቤት ተመለስን፤ ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ክንድ ላይ እንዳለች ትንፋሿ ቆመ። እንዴት እንደ ጮኹ አልነግራችሁም። እኔ አልጮህኩም፤ ቃል የሚባል ነገር ከውስጤ አልቆ ነበር።

ሴቶቹ ገላዋን አጥበው ሊገንዟት ሲሉ ዘነበች ኮፍያዋን ከአልጋው ላይ አነሳች። ያን ያረጀ የሱፍ ኮፍያ። እትዬን ደስ እንዲላቸው ብላ፣ «በሉ እናድርግላት፣ አያቷ የሠራችላትን አድርጋ ትሂድ» አለች።

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ኮፍያውን አገላብጠው አዩት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይቅር» አሉ። «ያኔ ነበር ማውለቅ የነበረብኝ።»

ዘነበች ምንም አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ። ያውቃሉ! ስንት ዘመን ያቃጠለኝን፣ ለእሳቸው ብዬ የዋጥኩትን፣ እሳቸው ያውቁታል!

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ማን ነገረዎት?»

«አፀደ። አየር ላጠረው ልጅ አሁን ማቀዝቀዝ ተጀመረ ብላ አወራችልኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። በልቤ ሁሉንም ገጣጠምኩት። የጠፋውን ማሞቂያ። የዶክተሩን መጨነቅ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ያየሁትን ፊትሽን።»

«እና ለምን ዝም አሉኝ?»

«ስድብሽን እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። «አፍሽ ረጅም ነው፤ አንድ ቀን ትሰድቢኛለሽ፣ ታዋርጂኛለሽ፣ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ያልፋል አልኩ። በየቀኑ እየመጣሁ ልያዛት እልሻለሁ። አንቺ እሺ እትዬ ትዪኛለሽ። ዓባይነሽ ለእኔ እሺ ካለች በልቧ ቀብራኛለች ማለት ነው አልኩ።»

እኔ ማዘኔ ነበር! እሳቸውን ማትረፌ ነበር! ይህንን ልነግራቸው ፈለግሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ እንዳልል፣ ይቅር ካልኩ አጥፍተዋል ማለቴ ነው፤ አላጠፉም እንዳልል፣ እንደምዋሽ ያውቁታል። ፍዝዝ ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ደግሞ ዝምታዬን እንደ ፍርድ ቆጠሩትና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። በአርባዋ ማግስት ማንኪራ ገቡ። ዋለ ቢለምን፣ ሽማግሌ ብንልክ፣ አልመለስም አሉ።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ኢያሱ ገና ብቅ ሲል ሐኪም ቤቱን በጩኸት አናጋው፤ አዋላጇ «እናቱን ነው የመሰለው» አለች። ዋለን ወደ ማንኪራ አባረርኩት። «ይዘሃቸው ካልመጣህ አትምጣ!» አልኩት። ይዟቸው መጣ። በጣም ከስተዋል። በሩ ላይ ቆሙ፣ እጆቻቸው ነጠላ ውስጥ ተሸሽገዋል። ልያዘው አላሉም።

«ይግቡ እንጂ እትዬ፣ ይያዙት።»

«አይ፣ ይቅር ልጄ። እጄ ይቀዘቅዛል።»

እኔ ደግሞ ሰው ሲያስቸግረኝ ጉልበት ነው የማውቀው። ጎትቼ አስቀመጥኳቸውና ኢያሱን በግድ ጭናቸው ላይ አስተኛሁት። እጆቻቸውን ከነጠላው አውጥተው ወደ ላይ አነሷቸው፣ እሳት እንደሚሸሽ ሰው። ልጁ ጭናቸው ላይ ይንፈራገጣል፣ እሳቸው እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ስንት አራስ የተቀበሉ እጆች! «ውሰጂው፣ እባክሽ ውሰጂው፣ የሆነ ነገር እንዳላደርገው» አሉኝ። ያኔ መስደብ ነበረብኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አንጀቴ አልችል ብሎ ወሰድኩት። ማደር እንኳ አልፈለጉም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋለ መለሳቸው።

መስከረም ጠብቶ የመጣብን መርዶ ነው። ማንኪራ ቤታቸው ውስጥ፣ ብቻቸውን፣ ያን ኮፍያ ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የተገኙት። ለቅሶው ደማቅ ነበር። ከየጎጆው የመጡ ልጆች፣ አንድ ጊዜ የእሳቸውን ኮፍያ ያደረጉ ሁሉ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ተሰልፈው አስከሬኑን ሸኙ። አንዱ አልቃሽ «የሙቀት እናት» ብሎ አወረደ፣ ሕዝቡ ተቀበለው።

ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል ውስጤ የከረመው ሁሉ ፈነዳ። አንቱታውን ጣልኩት።

«አንቺ ሚኒስትር ተብዬ!» አልኩ። «ማን ንኪ አለሽ? አትንኪ ተብለሽ አልነበረም? ልጄን ያሞቅሽብኝ አንቺ ነሽ! ሰማሽ? አንቺ ነሽ! ይኸው ሰደብኩሽ! የፈለግሽው ይኸው አይደል? አዋረድኩሽ፣ አለቀ፣ አለፈ! አሁን ምላስሽን ቆርጬ ለድመት በይኛ! መልሺልኝ!»

ቄሱ ማንበባቸውን አቆሙ። ሴቶቹ «ኧረ በሥላሴ! ኧረ ዝም በይ!» እያሉ ተሯሩጠው አፌን በነጠላ ያዙኝ፣ ከጉድጓዱ ዳር ሊጎትቱኝ ክንዴን ጨበጡ። ያን ጊዜ ዋለ፣ ያ አፍ የሌለው ሰው፣ በመሐላችን ገባና እጃቸውን ከአፌ ላይ አነሳ።

«ተዉአት» አለ። «ትጨርስ።»